በብየዳ ለተሠራ ሰርኩላር ስሌድ እንዴት ይሠራል?

የድባንቄው አናጢ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለሙያዎች አንድ ምክር ፈልጌ ነው። ባህር ዳር ድባንቄ አካባቢ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። ረከቦት፣ ዱካ፣ የፎቶ ፍሬም፣ ሲገኝ ደግሞ ቁም ሳጥንና የኪችን ካቢኔት እሠራለሁ። ሰርኩላሬ፣ ማለት ክብ ዲስክ ያለው የእንጨት መቁረጫ ማሽኔ፣ የፋብሪካ አይደለም፣ እዚሁ ከተማ ብየዳ ቤት ያሠራሁት ነው። እግሩ አንግል ብረት፣ ላዩ ላሜራ፣ ከሥሩ ባለ 2 ፈረስ ጉልበት ሞተር በቺንጊያ ዲስኩን ያዞራል። ዲስኩ 250 ሚሊ ነው። ጉልበቱ አይታማም፣ የደረቀ ባህር ዛፍም ቢሆን ይሰነጥቃል።

የሚያሳስበኝ አጫጭር ቁራጭ ነው። የረከቦት እግር፣ የዱካ ማገር፣ የፍሬም ጫፍ፣ እነዚህን ሁሉ አሁን የምንቆርጠው እንጨቱን በእጅ ይዘን በዓይን ግምት እየገፋን ነው። ታናሽ ወንድሜ ከትምህርት ቤት መልስ እየመጣ ያግዘኛል፣ ልጁ ሙያውን ይወዳል፣ ግን ጣቱ ወደ ዲስኩ በተጠጋ ቁጥር ልቤ ስንጥቅ ይላል። ቀኑን ሙሉ «ተጠንቀቅ» እያልኩ መዋል መፍትሔ አይሆንም።

ስሌድ የሚባለውን፣ እንጨቱን ተሸክሞ በዲስኩ ላይ የሚንሸራተተውን ሳንቃ በቪዲዮ አይቻለሁ። የነሱ ማሽን ግን ጠረጴዛው ላይ ግራና ቀኝ ቦይ አለው፣ የስሌዱ እግር እዚያ ውስጥ ነው የሚሄደው። የኔ ልሙጥ ላሜራ ነው፣ ዳርና ዳሩም ቀጥ ያለ አይደለም፣ ብየዳው ጎትቶታል። እንዲህ ባለው ላይ ስሌድ ይሠራል ወይ? ከምንስ ልሥራው? የሞከራችሁ ካላችሁ በዝርዝር ንገሩኝ።

ዋንዛ፦

ወንድም ዓለም፣ ደግ ነገር ጠየቅክ። ይሠራል። ቦይ የለኝም ብለህ አትጨነቅ፣ ላሜራውንም በግራይንደር ልቅደደው እንዳትል፣ ይበልጥ ይጣመምብሃል።

ላሜራውን 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የተሠራ ሳንቃ) ወይም ደህና ፕላይውድ አልብሰው። አንድ ወጥ አድርገህ ሳይሆን ሦስት ቦታ ቆርጠህ፣ አንዱን በግራ፣ ዲስኩ የሚያልፍበትን መሃል ላይ፣ ሦስተኛውን በቀኝ። በመሃላቸው 20 ሚሊ ክፍተት ትተዋለህ። እነዚያ ሁለት ክፍተቶች ቦይ ሆኑልህ ማለት ነው። ከሥር ላሜራውን በስተህ ባለ ዳዶ ብሎን እሰረው፣ የብሎኑ ራስ እንጨቱ ውስጥ ጠልቆ ይቀበር። 18 ሚሊ ከፍታ ትከስራለህ። ዲስክህ ከላሜራው በላይ 80 ሚሊ የሚወጣ ከሆነ 62 ይቀርሃል፣ ለረከቦት እግር ይበቃል። ትልልቅ ሞራሌ የምትሰነጥቅ ቀን ልባሱን ፈትተህ ታነሳዋለህ።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ። ቦዩ ከዲስኩ ጋር ጎን ለጎን ትይዩ መሄድ አለበት፣ ከጠረጴዛው ዳር ጋር አይደለም። የጠረጴዛህ ዳር ጠማማ ቢሆንም ግድ የለም፣ ማንም አያየውም። መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀል። ማጥፋት አይበቃም፣ ንቀለው። ከዲስኩ ጥርስ አንዱን በጠመኔ ምልክት አድርግበት። ያን ጥርስ ወደ ፊት አዙረህ ከጥርሱ እስከ ቦዩ ግድግዳ ለካ። ከዚያ ዲስኩን በእጅህ አዙረህ ያንኑ ጥርስ ወደ ኋላ ውሰደውና እንደገና ለካ። ሁለቱ ልክ እኩል እስኪሆኑ ድረስ ልባሱን ጠጋ ፈቀቅ አድርገው፣ ከዚያ በኋላ ነው ብሎኑን የምታጠብቀው። አንዱን ጥርስ ብቻ የምንጠቀመው ዲስኩ ራሱ ትንሽ ቢወላገድ እንኳ ልኬቱ እንዳያሳስተን ነው። ሰው ይቺን ነገር ይንቃትና ስሌዱ እንጨቱን ሲያቃጥል ዲስኩን ይረግማል።

የስሌዱን ወለል 12 ሚሊ ፕላይውድ አድርገው፣ 60 በ50 ሴንቲ ቢሆን አይከብድም። እግሮቹን ከጠንካራ እንጨት፣ ወይራ ካገኘህ ከወይራ፣ ቦዩ ውስጥ ሳይወዛወዝ ሳይጣበቅ ልክ እንዲገባ አድርገህ ላጋቸው። ቁመታቸው 17 ሚሊ ይሁን፣ ላሜራው ላይ እንዳይፈገፍጉ። የማጣበቁ ዘዴ እንዲህ ነው፦ እግሩን ቦዩ ውስጥ ከማስቀመጥህ በፊት ከሥሩ 2 ሚሊ ገደማ ውፍረት ያለው ስስ የላሜራ ቁራጭ እዚህም እዚያም ደርድር፣ እግሩ ከጠረጴዛው ትንሽ ብቅ ይላል። ኮላ ቀባው፣ ወለሉን ከላይ አስቀምጥ፣ ክብደት ጫንበት፣ ተወው። ሲደርቅ እግሮቹ ትክክል ቦታቸው ላይ ተጣብቀው ታገኛቸዋለህ። ከዚያ በብሎን ታጠናክረዋለህ። ብቻ ዲስኩ በሚያልፍበት መስመር ላይ አንድም ብሎን አይግባ።

ከፊትና ከኋላ ደግሞ ቁመቱ 8 ሴንቲ የሚሆን ቀጥ ያለ እንጨት አቁም። የፊተኛው፣ ከአንተ የሚርቀው፣ ሥራው ወለሉ ለሁለት እንዳይከፈል መያዝ ብቻ ነው። እንጨትህን የምታስደግፈው ወደ አንተ ያለውን ነው፣ እሱ ቀጥ ማለት አለበት። የረሳሁት እንዳይመስልህ፣ ዲስኩ በዚህ በኩል በስቶ ወደ አንተ ይወጣል፣ አውራ ጣትህ የምታርፈውም እዚያው ነው። ስለዚህ ከኋላው ወፍራም ግንዲላ፣ 10 ሴንቲ ውፍረት ያለው፣ ለጥፍበትና ቀይ ቀለም ቀባው። ወንድምህ ቀይ ያለበትን በእጁ አይነካም፣ በቃ። ጠረጴዛው ላይም ስሌዱን የሚያቆም መገቻ አድርግ፣ ዲስኩ ግንዲላው ውስጥ ሳለ ስሌዱ ቀጥ ይበል፣ ከዚያ ወዲያ እንዳይሄድ።

ሰባታሚት፦

ስሌዱ እስኪሠራ ለልጁ ወፍራም የቆዳ ጓንት ግዛለት። የብየዳ ጓንት ቢሆን ጥሩ ነው።

የወርክሾፕ መምህር፦

ሰባታሚት ወንድሜ፣ ለልጁ አስበህ እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን ይቺ ምክር አደገኛ ናት፣ እባክህ ለሌላ ሰው እንዳትነግር። በሚዞር ዲስክ ላይ ጓንት አይደረግም። ባዶ ጣት ጥርስ ቢነካው ይቆረጣል፣ ክፉ ነው፣ ጓንት ሲነካው ግን ጥርሱ ጨርቁን ወይም ቆዳውን ይነክስና ሙሉ እጁን ይዞ ይገባል። የድባንቄው ልጅ ሞተር በደቂቃ ወደ 2850 ገደማ የሚዞር ከሆነና ፑሌጂያዎቹ (ቺንጊያው የሚዞርባቸው ጎማዎች) እኩል ከሆኑ የ250 ሚሊ ዲስክ ጥርስ በሰከንድ 37 ሜትር ነው የሚሄደው፣ በሰዓት ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ። ሰው ደንግጦ እጁን ለመሳብ ጊዜ የለውም። ፎጣ አንገት ላይ ጠምጥሞ፣ ረጅም እጅጌ ለቆ፣ የእጅ ክር አስሮ መሥራትም እንዲሁ ነው። እጅጌ እስከ ክርን ይጠቅለል። መነጽር ግዴታ ነው፣ አቧራውን ደግሞ በማስክ ይከላከል፣ የእንጨት ብናኝ ካንሰር እንደሚያመጣ በዓለም ደረጃ የተመዘገበ ነገር ነው።

ስለ ስሌዱ ዋንዛ ጥሩ አድርጎ ገልጾታል። እኔ የምጨምረው ስለ መሰንጠቁ ነው፣ ጠያቂው «ባህር ዛፍ ይሰነጥቃል» ብሎ በኩራት አልፎታልና። ስሌድ የሚያድነው በአግድም ስትቆርጥ ነው። በርዝመት ስትሰነጥቅ ስሌድ የለም፣ እና ትልቁ ምት የሚመጣው ያኔ ነው።

ዲስኩን ከጎን እየው። ወደ አንተ ያለው ጥርስ ወደ ታች ይወርዳል፣ እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ ይጫነዋል። ከኋላ ያለው ጥርስ ግን ወደ ላይ ነው የሚነሳው። እንጨቱ የኋላውን ጥርስ ከነካ ይነሳና ወደ አንተ ይወረወራል። የባህር ዛፍ ጠባዩ ደግሞ ይታወቃል፣ ሲያድግ ውስጡ የታመቀ ውጥረት አለው፣ ስትሰነጥቀው ወይ እንደ መቀስ ይከፈታል ወይ ተመልሶ ዲስኩ ላይ ይገጥማል። ሲገጥም ነው የሚተፋህ።

መድኃኒቱ ከዲስኩ ኋላ በዚያው መስመር የሚቆም ስስ ብረት ነው፣ ሪቪንግ ናይፍ ይሉታል። የተሰነጠቀው እንዳይገጥም ከፍቶ ይይዘዋል። ውፍረቱ ከዲስኩ ገላ ወፍሮ ጥርሱ ከሚቆርጠው ስፋት መሳሳት አለበት። ዲስክህ 3 ሚሊ የሚቆርጥ፣ ገላው 2.2 የሆነ እንደሆነ 2.5 ሚሊ ብረት ልክ ነው። ከጥርሱ ያለው ርቀት ከ3 እስከ 8 ሚሊ። ብየዳ ቤቱ ይህን ሊሠራልህ ይችላል፣ ቅርጹን በካርቶን ቆርጠህ ውሰድላቸው፣ ዲስኩ ራሱ ሳይሆን የዲስኩ ማረፊያ ብረት ላይ እንዲታሰር ንገራቸው። ጠረጴዛህ በማጠፊያ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ይህን በደንብ አስረዳቸው፣ ጠረጴዛው ላይ ከበየዱት ከፍታ ስትቀይር ርቀቱ ይበላሻል።

ስትሰነጥቅ መቆሚያህ ከዲስኩ ፊት ለፊት አይሁን፣ ወደ ጎን ፈንጠር በል። የመጨረሻዋን ጥግ በእጅ ሳይሆን በመግፊያ እንጨት ግፋ። እጅህ ከ15 ሴንቲ በታች ወደ ዲስኩ መጠጋት የለበትም። እና ደግሞ ጋይዱን (ስትሰነጥቅ እንጨቱን በጎን የምታስደግፍበትን) እና ስሌዱን በአንድ ላይ አትጠቀም፣ ቁራጩ በጋይዱና በዲስኩ መሃል ይቀረቀርና ይወነጨፋል። እኩል እኩል ርዝመት ከፈለግክ መለኪያ ቁራጭ ስሌዱ ላይ እሰርና እሱን አስነካ።

ኤሌክትሪሻኑ፦

ስለ እንጨቱ ብዙ አላውቅም፣ ማብሪያ ማጥፊያውን ግን ማንም አልጠየቀም። የድባንቄው፣ ሰርኩላርህ የሚበራው በምንድን ነው? በተራ የግድግዳ ማብሪያ ወይም በብሬከር ከሆነ ከስሌዱ በፊት እሱን ቀይር።

ምክንያቱን ልንገርህ። መብራት ይሄዳል። ሰው ማሽኑ ሲቆም «ሄደ» ይልና ሻይ ሊጠጣ ይወጣል፣ ወይ ደግሞ እስከዚያው ብሎ ዲስክ ሊቀይር፣ የታሸገ ብናኝ በጣቱ ሊጠርግ ይጀምራል። ማብሪያው እንደበራ ነው። መብራቱ በመጣባት ሰከንድ ዲስኩ ይነሳል። የብዙ ወርክሾፕ ማሽን በዚህ አያያዝ ነው የሚሠራው፣ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው።

ኮንታክተር አስገባ። መጠቅለያው 220 ቮልት የሆነ፣ ከሞተርህ አምፒር ጋር የሚመጥን፣ ከኦቨርሎድ (ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሲጫን ከሚያቋርጠው) ጋር። አረንጓዴ መነሻ፣ ቀይ ማቆሚያ። መብራት ሲሄድ ኮንታክተሩ ራሱን ይለቃል፣ ሲመጣ አረንጓዴውን እንደገና ካልተጫንክ አይነሳም። ቀዩን ትልቁን፣ እንጉዳይ የመሰለውን ግዛ፣ ከጠረጴዛው በታች በጭን ትይዩ ግጠመው። ሁለት እጅህ እንጨት ይዞ ሳለ በጭንህ ገፍተህ ታጠፋዋለህ።

ሁለተኛ፣ ማሽንህ ሙሉ በሙሉ ብረት ነው። የግራውንድ ሽቦ አለው? ክረምት ላይ ወለሉ ይረጥባል፣ ጫማም ይረጥባል። ሞተሩ ውስጥ አንዲት ሽቦ ብትላጥ ጠረጴዛው በሙሉ ፌዝ ይሆናል፣ የነካውን ኤሌክትሪክ ይይዘዋል። እግሩ ላይ በብሎን የታሰረ ግራውንድ ይኑረው፣ ቀለሙ ተፍቆ ብረት ለብረት የገጠመ። ዋጋው ከአንድ ረከቦት አይበልጥም። እርግጠኛ ካልሆንክ በሙያተኛ አስፈትሽ፣ ለራስህ አትሞክር።

የድባንቄው አናጢ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። በእውነት ይህን ያህል አልጠበቅኩም። ኤሌክትሪሻኑ እንዳልከው በብሬከር ነው የምናበራው። ኮንታክተሩን ነገ ዛሬ ሳልል እገዛለሁ፣ እስኪገባ ድረስ ደግሞ መብራት በሄደ ቁጥር ሶኬት እንዲነቀል ለልጁ ነግሬዋለሁ።

አያ ዋንዛ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የኋላው ማስደገፊያ ከዲስኩ ጋር 90 ዲግሪ መሆኑን በምን አረጋግጣለሁ? ያለችኝ ስኳድራ ራሷ የምታስተማምን አይመስለኝም፣ ወድቃ ታውቃለች።

ዘጌ ዳር፦

አያ ዋንዛ እስኪመጣ እኔ አንድ ነገር ልበል። ኤምዲኤፍ ለባህር ዳር ክረምት አይሆንም። እኛ እዚህ ሐይቁ ዳር ነው ያለነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ በር አይዘጋም፣ መሳቢያ አይከፈትም። ዳሩ በውሃ የተነካ ኤምዲኤፍ ያብጣል፣ ሲደርቅም ወደነበረበት አይመለስም። ለጠረጴዛው ልባስ ፕላይውድ ውሰድ፣ ዳሩን ሁሉ በቫርኒሽ ዝጋው። የወይራው እግርም በበጋ ልክ ያደረግከው ክረምት ላይ ይጠብቃል። እንጨት በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም፣ በስፋቱ ግን ያብጣል ይሸማቀቃል። እኔ ለእግሩ የኩሽና መክተፊያ ፕላስቲክ ነው ያደረግኩት፣ ያን ነጩን ወፍራሙን። እርጥበት አይጠጣም፣ ራሱ ያንሸራትታል። በሰርኩላር ይሰነጠቃል፣ ኮላ ግን አይዘውም፣ በብሎን ብቻ ነው የሚታሰር።

ዋንዛ፦

ዘጌ ዳር ልክ ነው፣ ፕላስቲኩ ካገኘ ከወይራውም ይሻላል። ፕላስቲክ ካደረገ ግን ኮላው ስለማይዝ የላሜራ ቁራጩን ከሥር ደርድሮ ወለሉን ካስቀመጠ በኋላ ከላይ በስቶ ብሎን ያስገባ፣ የብሎኑ ራስ ይቀበር። ወይራ ላይ ከቆየ ደግሞ በመስከረም ይላገው፣ በክረምት መጥበቁ አይቀርም። የሚያንሸራትተው ሰም ነው። የማር ሰም በጎጃም አይጠፋም፣ ከማር ነጋዴ ትንሽ ግዛና እግሩንና የወለሉን ሆድ እሸው፣ በጨርቅ ጥረገው። ዘይት ወይም ግሪስ እንዳትቀባ፣ ብናኙን ይሰበስብና እንጨትህን ያቆሽሻል፣ ቫርኒሽም አይዝልህም።

ስለ 90 ዲግሪው፣ ስኳድራውን ተዋት። ማስደገፊያውን በአንድ ጫፍ በአንድ ብሎን ብቻ እሰር፣ እሱ ላይ ይሽከረከራል። ሌላውን ጫፍ በሞርሴቶ (በመቆንጠጫ ብረት) ያዘው። አሁን 40 ሴንቲ በ40 የሚሆን ቁራጭ ፕላይውድ አምጣና አራቱን ጎን 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብለህ ቁጠር። የመጀመሪያውን ጎን ጥቂት ቁረጥ። አሁን የቆረጥከውን ጎን ማስደገፊያው ላይ አስደግፈህ ቀጣዩን ቁረጥ። እንዲሁ እያዞርክ አራቱንም ጨርስ። ከዚያ የመጀመሪያውን ጎን እንደገና ቁረጠው፣ አሁን ግን 2 ሴንቲ ስፋት ያለው ዘንግ እንዲወጣ አድርገህ። ያችን ዘንግ በካሊፐር (ውፍረት በሚለካው መሣሪያ) ከሁለቱም ጫፍ ለካት። እኩል ከሆነች ስሌድህ ልክ ነው።

ልዩነት ካላት ለ4 አካፍለው፣ ምክንያቱም ስህተቱ በአራቱም ዙር ተደምሯል። አንዱ ጫፍ 20 ሚሊ፣ ሌላው 21.2 ሆነ እንበል። ልዩነቱ 1.2 ነው፣ ለ4 ሲካፈል 0.3። ማለት ስሌድህ በ40 ሴንቲ ርዝመት ላይ 0.3 ሚሊ ነው የሚስተው። ከሚሽከረከርበት ብሎን 40 ሴንቲ ርቀህ ማስደገፊያውን በዚያው መጠን አንቀሳቅሰው። 0.3 ሚሊ በምን ልለካ ትል ይሆናል፣ ተራው የፎቶኮፒ ወረቀት 0.1 ሚሊ ገደማ ነው፣ ሦስት ወረቀት ማለት ነው። ከማስደገፊያው ኋላ መገቻ ቁራጭ እሰር፣ ሦስቱን ወረቀት በመሃላቸው አስገብተህ ጠጋ አድርግ። ደግመህ ቁረጥ። ልዩነቱ ከሰፋ ወደ ሌላኛው አቅጣጫ ነበር ማለት ነው፣ ገልብጠው። ዘንጊቱ እኩል ስትሆን የቀሩትን ብሎኖች ጨምረህ አጥብቅ። የፍሬም 45 ዲግሪውንም በዚሁ ስሌድ ላይ የሚቀመጥ ሦስት ማዕዘን ሠርተህ ትጨርሰዋለህ፣ መጀመሪያ ግን ይሄ ይስተካከል።

የድባንቄው አናጢ፦

በጣም ገብቶኛል። የመጨረሻ ጥያቄ። የረከቦት ጌጥ የምንላቸው 5 እና 6 ሴንቲ ቁራጮች አሉ። እነሱ ስሌድ ላይም ቢሆን በጣት ካልተያዙ ይዘላሉ። እነሱንስ?

የወርክሾፕ መምህር፦

እነዚያን በጣት አይያዙም። ከተቻለ ከረጅም ዘንግ ላይ ቁረጣቸው፣ እጅህ ዘንጉን ይይዛል፣ ትንሿ ቁራጭ ነፃ ሆና ትወድቃለች። መለኪያ ቁራጭ ካሰርክ ግን ትንሿ በመለኪያውና በዲስኩ መሃል እንዳትቀረቀር በረጅም እንጨት ጫፍ ከላይ ተጫናት። ጫፉ ላይ ጎማ፣ የአሮጌ ባጃጅ ካላማዳሪ ቁራጭ፣ ለጥፍበት፣ እንዳያንሸራትት። ወይ ደግሞ ማስደገፊያው ላይ በአንድ ብሎን የሚሽከረከር መጫኛ እንጨት ሥራ፣ እጅህ ሩቁን ጫፍ ሲጫን ቅርቡ ቁራጩን ይይዛል።

ቁራጯ ወድቃ ዲስኩ አጠገብ ከቀረች ዲስኩ እየዞረ በጣት ለማንሳት አትሞክር። ቀዩን ተጫን፣ ዲስኩ ፈጽሞ ቀጥ ይበል፣ ከዚያ ውሰዳት። ወንድምህ ይህን ከምንም በፊት ይልመድ፣ የምታሠራው ልጅ ቁራጭ ለማንሳት ሲጎነበስ ነው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው። ዲስኩን ደግሞ እየው፣ ጥርሱ ብዛት ያለው፣ 60 ወይም 80፣ ለእንዲህ ላለው ቁራጭ ጥሩ ነው፣ ለመሰንጠቅ ደግሞ 24ቱ። ገላው ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ዙር ከሞተርህና ከፑሌጂያህ ዙር መብለጡን ሳታይ አትግዛ።

ሰባታሚት፦

ስለ ጓንቱ ተምሬያለሁ መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። የድባንቄው፣ ነጩን መክተፊያ ካጣህ እኔ ዘንድ ሁለት የተረፈ አለ፣ ሰባታሚት ድረስ ከመጣህ ውሰደው።